የፈረቃ አልጋ

አታሚው የሞተው በጠራራ ፀሐይ፣ አገር ሁሉ በሥራ ላይ ሳለ፣ በገዛ አልጋው ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። በገዛ አልጋው ማለት እንኳ ያስቸግራል፤ አልጋው ግማሹ የሌላ ሰው ነበርና። ቀን ቀን አታሚው ይተኛበታል፤ ማታ ማታ ደግሞ የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ሹፌር። አንዱ ጋዜጣ ሲያትም አድሮ ዓይኑ እየተከደነ ሲገባ፣ ሌላው ፊቱን ታጥቦ ይወጣል። ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ትራስ ላይ ራሳቸውን ሲያሳርፉ፣ አንዱ ሌላውን ተኝቶ አይቶት አያውቅም።

አመሻሹ ላይ ሬሳውን ያገኘው ሹፌሩ ነው። የታሰረውም ሹፌሩ ነው።

«ነገሩ ያለቀ የደቀቀ ነው» አለ የፖሊስ ጣቢያው አለቃ፣ እግሩን ጠረጴዛው ላይ ሰቅሎ። «‹እገድልሃለሁ› ሲለው ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከክፍሉ ሲሮጥም ታይቷል። በቅርቡ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ። አንቺ ለደንቡ ያህል አየት አድርጊውና ነይ፣ ጭልፊት።»

እናቷ ያወጣችላትን ስም በጣቢያው ውስጥ የሚያስታውስ የለም፤ መርማሪዋ ጭልፊት ናት። እንደ እሷ ያለ መርማሪ ሰባት ባሕር ተሻግረው ቢፈልጉ አይገኝም። ትንኝ ስታዛጋ ጥርሷን ትቆጥራለች። ውሸታም ገና ምራቁን ሲውጥ ውሸቱ የቱ ጋ እንደ ተሰነቀረ ታውቃለች። አንድ ሌባ ገና ምንም ሳትጠይቀው፣ ወንበር ስባ ስትቀመጥ ስላያት ብቻ፣ የሰረቀውንም ሊሰርቅ ያሰበውንም ዘርግፎ አልቅሷል። ይህችው ሁሉን የምታይ ሴት ቤቷ ስትገባ ግን የሚያያት የለም። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምታበስለው ለአንድ ነው፤ ያውም ግማሹ ይተርፋል።

«ለደንቡ ያህል የሚታይ ሬሳ የለም፣ አለቃዬ» ብላ ወጣች።

ክፍሉ ጠበበ ቢሉት ጠበበ አይገልጸውም፤ ሰው ካስነጠሰ ግድግዳው «ይማርህ» ሊል ምንም አይቀረው። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት መስቀያ። በአንደኛው መስቀያ ላይ ቀለም የጠጣ ሽርጥ፣ በሌላው ላይ የሹፌሩ ኮት ተንጠልጥለዋል። አታሚው ፊቱን ትራሱ ውስጥ ቀብሮ ተኝቷል። ጭልፊቷ ጎንበስ አለች። ቀኝ ክንዱ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወድቋል፤ ክርኑ ተልጧል። አንሶላው ርሷል። ራሱን ዘወር አድርጋ ከንፈሩን ገለጠች፤ ምላሱ በጎኑ ተነክሶ ደምቷል። ከአዲሱ ቁስል ሥር የዳኑ ጠባሳዎች ተደራርበዋል።

አከራይዋ ደረጃውን እያለከለከች ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። የሚሰማት ሰው ካጣች ለድስቷም ቢሆን ወሬ የምታቀብል አሮጊት ናት።

«እኔ አላልኩም፣ ልጄ? ‹ይህ ሹፌር አንድ ቀን ደም ያፈሳል› ብዬ ለጎረቤት ሁሉ ተናግሬያለሁ!»

«መቼ ተናገሩ፣ እማማ?»

«ዛሬ!»

«ከዛሬ በፊትስ?»

«ከዛሬ በፊትማ ጨዋ ሰው ነበር።»

ጭልፊቷ ሳቋን በአፍንጫዋ አስወጣችው። «እስቲ የሰሙትን ይንገሩኝ።»

«ከዚሁ ሥር ነው ክፍሌ። ምሳዬን እየበላሁ ሳለ አንዴ ጮኸ። ጩኸት ብልሽ የሰው አይደለም፤ እንደሚታረድ በሬ ነው ያጓራው! ከዚያ ድብደባው ጀመረ። ዱ ዱ ዱ ዱ! ጣሪያው ሳህኔ ላይ ሊወርድ ምንም አልቀረው።»

«የቱ ቀደመ? ጩኸቱ ነው ድብደባው?»

«ጩኸቱ ነዋ! ነገርኩሽ እኮ።»

«ሲደበደብስ ደግሞ ጮኸ?»

«ትንፍሽ አላለም። ዱ ዱ ዱ ሲል ቆየና፣ ዱ... ዱ... እያለ እየተራራቀ ሄዶ ጸጥ አለ። ደብዳቢው ደክሞት ይሆናላ። ጥቂት ቆይቼ መጥረጊያዬን ይዤ ብወጣ፣ ሹፌሩ ደረጃውን በሩጫ ሲወርድ ጀርባውን አየሁት።»

«እንዲህ ያለ ድብደባ ከዚህ ቀደም ሰምተው ያውቃሉ?»

«አልፎ አልፎ ነዋ! ባለፈው እንኳ ገበያ ውዬ፣ በዚሁ በሹፌሩ አውቶቡስ እስከ በሬ ድረስ መጥቼ፣ ገና ዕቃዬን ሳላወርድ ላዬ ላይ ሲደልቅ ነበር። ግድግዳውንም ፈቅፍቀው ጨርሰውብኝ ስንቴ በኖራ አስለስኜዋለሁ መሰለሽ! አታሚው ራሱ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‹ተኝቼ ሳለሁ ሰው ገብቶ ይደበድበኛል› ይለኝ ነበር። ሲነሣ ሰውነቱ ድቅቅ ብሎ፣ ምላሱ ቆስሎ፣ ክንዱ በልዞ። ‹ከእኔ ሌላ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው› አለኝ።»

«ሐኪም ዘንድስ አልሄደም?»

«ለምላሱ ጥርስ ሐኪም ዘንድ ሄዷል። ‹ጥርስህን ታፋጫለህ› ብለው ሸኙት። ሰሞኑን ደግሞ የታመመ ባልደረባውን ተክቶ ሁለት ፈረቃ እየሠራ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ ነበር። ምን ዋጋ አለው!»

ጭልፊቷ አልጋውን በአንድ እጇ ጎተተችው። (በሁለት እጇ ነው የሚሉ አሉ፤ ምቀኞች ናቸው።) ከአልጋው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ፣ በተኛ ሰው ክርን ልክ፣ ኖራው ተቦርቡሯል፤ ከሥሩ ሌላ ኖራ፣ ከእሱም ሥር ሌላ ኖራ።

ሹፌሩን በእስር ክፍሉ ጥግ ተቀምጦ አገኘችው። ትከሻው በር የሚያህል ሰው እንደ ሕፃን ጉልበቱን ታቅፏል።

«ገደልከው?»

«አልገደልኩትም።»

«‹እገድልሃለሁ› ብለኸዋል።»

«ብያለሁ። ፍራሹን ስላበሰበሰው ነው! ትልቅ ሰው አልጋ ላይ ይሸናል፣ እትዬ? ትራሱ ላይ ደሞ የደም ጠብታ አይጠፋም። ‹ይህ ሰው ጠጥቶ ነው የሚገባው› አልኩ። እሱ ደግሞ ደረጃ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ‹ለምን ትደበድበኛለህ?› ይለኛል። አውቶቡስ እየነዳሁ እንዴት ልደብድበው? መሪውን ለተሳፋሪ አስይዤ?»

«ዛሬ ቀን ለምን መጣህ?»

«ኮቴን ረስቼ ልወስድ ነው። አውቶቡሱን ከነሰዉ በሩ ላይ አቁሜ ወጣሁ።»

«ኮቱ ግን አሁንም መስቀያው ላይ ነው።»

«አልገባሁማ! ሕጋችን ነው። በእሱ ሰዓት እኔ፣ በእኔ ሰዓት እሱ፣ ደፍ አንረግጥም። እንዲያ ካልሆነ ሁለት ሰው በአንድ አልጋ እንዴት ይኖራል?» ሹፌሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሩ ላይ ቆሜ ሲያንኮራፋ ሰማሁት። እንዴት ያለ ማንኮራፋት! ጉሮሮው ውኃ የሞላ ይመስላል። ‹ደክሞታል፣ ይተኛ› ብዬ ተመለስኩ። አንዱ ተሳፋሪ ጡሩንባዬን እየነፋ ሲያንባርቅብኝ ጊዜ ሮጥኩ።»

«ጠያቂ ዘመድ አለህ?»

ሹፌሩ ፈገግ አለ። «የከተማው ሰው በሙሉ ያውቀኛል፣ እትዬ። ግን የሚያውቁት ጀርባዬን ነው።»

ጭልፊቷ ይህች ንግግር እንደ እሾህ ተሰክታባት ወጣች።

የአታሚው እህት ልብስ ሰፊ ናት። ጥቁር ለብሳ፣ ያለ ባል ካሳደገቻት አንዲት ሴት ልጇ ጋር በስፌት መኪናዋ አጠገብ ተቀምጣለች። ግማሽ የተሰፋ ነጭ የሙሽራ ልብስ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ወንድሜን የገደለው ያ ሹፌር ነው» አለች እህትየው ገና መርማሪዋ ሳትቀመጥ። «ሌላ ምን ይፈለጋል?»

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። ልጅ ሳላችሁ ከወንድምሽ ጋር አንድ ላይ ነበር የምትተኙት?»

የመኪናው መርፌ ቀጥ አለ። «የድሃ ልጅ ለየብቻው ይተኛል እንዴ?»

«እንቅልፉ እንዴት ነበር?»

«እንደ ሰው ሁሉ። ለምን ጠየቅሽኝ?»

የጭልፊቷ ዓይን ሥራውን ጀምሯል። ጥግ ላይ ያማረ የእንጨት አልጋ ተነጥፎ ቆሟል፤ በአልጋ ልብሱ ላይ የመታጠፊያው መስመር እንኳ ገና አልጠፋም፣ ማንም አልተኛበትም። ከፊቱ ባለው መሬት ላይ ደግሞ ሰፊ ፍራሽ ተዘርግቷል። ፍራሹ ከግድግዳው ርቋል፤ ትራስ የሚባል የለውም። የጠረጴዛው ጠርዞች በጨርቅ ተጠቅልለው ተሰፍተዋል። ሕፃን በሌለበት ቤት!

«እንዲህ ያለ አልጋ እያለ መሬት ላይ?»

«ወገቤን ስለሚያመኝ ነው።»

«የሷ ወገብ ታሞ እኔም አብሬ መሬት ወረድኩ!» አለች ልጅቷ፣ ለሐዘን ቤት በማይሆን ድምፅ፤ ወዲያው አፏን ሸፈነች። ሻዩን እፍ እፍ እያለች ነው የምትጠጣው። «ይቅርታ፤ ምላሴ ቆስሎ ነው። እትዬ፣ ይፍረዱኝ እስቲ። ልዳር ነው፤ እናቴ ግን እስከ ዛሬ አቅፋኝ ነው የምታድረው። ለሙሽራው ምን ልንነግረው ነው? ‹ሦስተኛ ሰው አለን› እንበለው?»

እናትየው አልሳቀችም። ፊቷ እንደ አመድ ነጣ። ከዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት የአንድ ቀን ሐዘን ያመጣው አይደለም፤ ከልጅቷ ጋር አብሮ ያደገ ጥቁረት ነው።

ጭልፊቷ ከዚያ በቀጥታ ሬሳውን ወደ መረመረው ሐኪም ዘንድ ሄደች። የጠረጠረችውን ስትነግረው ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ማን ነገረሽ?»

«ግድግዳው» አለችው።

በማግስቱ ሁሉንም እዚያችው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አለቃው ብቸኛዋን ወንበር ያዘ። ሹፌሩ እጁ በካቴና ታስሮ ከግድግዳው ተጠጋ። እናትና ልጅ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ሐኪሙ በአልጋው ራስጌ፤ አከራይዋ ገሚሷ ውስጥ ገሚሷ ደጅ። አልጋው ላይ ለመቀመጥ የደፈረ የለም።

«ሰው ሲመታ ምን ይቀድማል፣ አለቃዬ?» ብላ ጀመረች ጭልፊቷ። «ዱላው ነው ጩኸቱ?»

«ዱላው ነዋ።»

«እዚህ ቤት ግን ጩኸቱ ቀድሟል። አንዴ አጓራ፤ ከዚያ ድብደባው መጣ፤ በድብደባው ጊዜ ግን ድምፁ ጠፋ። ሳይመቱት ጮኾ ሲመቱት ዝም የሚል ሰው አይቼ አላውቅም። ሁለተኛ፣ ምላሱ። የሰውን ምላስ በራሱ ጥርስ፣ በዚያው ጎኑ፣ ዓመት ከዓመት የሚነክስ ዱላ የት ይሸጣል? ሦስተኛ፣ ክርኑ የተላጠው ግድግዳው በተቦረቦረበት ልክ ነው። ግድግዳውን ሲደልቅ የኖረው የራሱ ክንድ ነው።»

«ሹፌሩ ክንዱን ጨብጦ ሲያጋጨው ቢሆንስ?» አለ አለቃው።

«እማማ፣ ባለፈው ከገበያ ሲመለሱ ይደልቅ ነበር አሉኝ። በማን አውቶቡስ ነበር የመጡት?»

«በሱ ነዋ!» አለች አከራይዋ ወደ ሹፌሩ እየጠቆመች። «ዕቃዬን እንኳ በመስኮት ያቀበለኝ እሱ...» አፏ ተከፍቶ ቀረ። «ኧረ የሰው ያለህ! ታዲያ ላይ ማን ነበር?»

«ማንም። አታሚው ብቻውን ነበር።»

ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «የሚጥል በሽታ ነው። አንዳንዱን ሰው ቀን ነቅቶ ሳለ አይነካውም፤ የሚመጣው በእንቅልፉ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰውነት ይገተራል፤ አየሩ ተጨምቆ በጉሮሮ ሲወጣ ያ ጩኸት ይሰማል። ከዚያ መንፈራገጥ ነው፤ መጀመሪያ በፍጥነት፣ ኋላ እየተራራቀ። ምላስ ይነከሳል፣ ሽንት ያመልጣል። ሲያበቃ ከባድ ማንኮራፋት ይከተላል። ሰውየው ሲነቃ አንዱንም አያስታውስም። የሚያውቀው የተደበደበ ያህል እንደሚያመው ብቻ ነው።»

«ማንኮራፋቱን ሹፌሩ ሰምቷል» አለች ጭልፊቷ። «የነገረኝ ትርጉሙን ሳያውቅ ነው። ሐኪም ያልሆነ ሰው እንዲህ ያለ ውሸት ከየት ያመጣል?»

«ግን ይገድላል?» አለ አለቃው።

«ብዙ ጊዜ አይገድልም። አንዳንዴ ግን፣ ሰውየው ብቻውን ሆኖ፣ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ከጣለው በኋላ ትንፋሹ ሳይመለስ ይቀራል። እንቅልፍ ማጣት ደግሞ በሽታውን ይጠራዋል፤ ሁለት ፈረቃ ይሠራ ነበር። የመታነቅም የመመረዝም ምልክት አላገኘሁም።»

አለቃው ተነሥቶ ሦስት እርምጃ ሊንጎራደድ ፈለገ፤ ክፍሉ ለአንድ ብቻ ፈቀደለት። «ሬሳ ላይ ይህ በሽታ አይነበብም አይደል፣ ሐኪም? አይነበብም። እሺ፣ ሲጥለው በዓይኑ ያየ ሰው አለ? ያለ ምስክር ይህን ሰው አልፈታም።»

«ችግሩም እሱ ነው» አለ ሐኪሙ። «የዚህ በሽታ ምስክር አጠገብ የተኛ ሰው ነው። በሽተኛው ራሱ አያውቅም። ቀን ነቅቶ ቢመረመር እንኳ ምርመራው ንጹሕ ሊሆን ይችላል። የሚያየው ሰው ያስፈልጋል።»

ሹፌሩ ወለሉን አየ። ለአታሚው ከሰው ሁሉ የቀረበ እሱ ነበር፤ እሱም አላየውም።

ጭልፊቷ ወደ እህትየው ዞረች። ድምፅዋን ለሌባ እንደምታወጣው አላወጣችውም። «ምስክር አለ። የማይተኙበት አልጋ፣ ከግድግዳ የራቀ ፍራሽ፣ ትራስ የሌለው። የተሸፈነ የጠረጴዛ ጠርዝ። እህቴ፣ ሲጥል ያላየ ሰው ቤቱን እንደዚያ አያዘጋጅም። አንቺ ዝም ካልሽ ይህ ሰው እስር ቤት ያረጃል፤ ‹የት ገባ› ብሎ የሚፈልገው አንድ ሰው የለውም።»

«ልጄን ልድራት ነው...» አለች እህትየው። «ከእንዲህ ያለ ቤት ማን ያገባል?»

ሴትየዋ ሹፌሩን ቀና ብላ አየችው፤ ፊቱን ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ቃሏን ሰጠች።

«ሕፃን ሳለ ጀምሮ ነው። ከጎኑ የምተኛው እኔ ነበርኩ፤ አየው ነበር። እናታችን ‹እንዳትናገሪ፣ ለሱም እንዳትነግሪው፤ የበሽታውን ስም ከጠሩት ይጸናበታል› አለችኝ። አልነገርኩትም። ‹ማን ነው የሚደበድበኝ?› እያለ ሲጠይቀኝ እንኳ... ‹ሹፌሩ ይሆናል› አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ። «ለአጎቴ ከሆነ... እኛ ለምን መሬት ላይ እንተኛለን?»

እናትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ልጅቷ ጣቷን ወደ አፏ ወስዳ የቆሰለውን ምላሷን ነካች። ጨዋታ አዋቂዋ ልጅ ቀልድ አለቀባት።

አለቃው ካቴናውን ራሱ ፈታው፤ ይቅርታ መጠየቅ ልማዱ ስላልሆነ የሹፌሩን ኮት ከመስቀያው አውርዶ በትከሻው ላይ ጣል አደረገለት። ሹፌሩ ግን አልሄደም። አልጋው ጫፍ ላይ፣ ማንም ባልደፈረበት ቦታ፣ ተቀመጠ።

«ብገባ ኖሮስ፣ ዶክተር?»

«በጎኑ ብትገለብጠው፣ ምናልባት። ከ‹ምናልባት› በላይ ማለት አልችልም። አንተ ግን አታውቅም ነበር።»

«ሦስት ዓመት ክፍሉ ሁልጊዜ ባዶ ነው የሚጠብቀኝ» አለ ሹፌሩ። «ትናንት ሲያንኮራፋ ስሰማ ደስ አለኝ እኮ። ቤት ውስጥ ሰው አለ አልኩ።»

እህትየው ሄዳ ከጎኑ ተቀመጠች። አከራይዋ ወሬውን ትታ ለሁሉም ሻይ ልታፈላ ወረደች።

ከሳምንት በኋላ ጭልፊቷ፣ ሥራ አለኝ ብላ ዋሽታ፣ ወደ ሆስፒታል ሄደች። ልጅቷ ሌሊቱን በሙሉ ሳትተኛ እንድታድርና ጠዋት እንድትመጣ ታዝዛ ነበር፤ ተኝታ ሳለ አንጎሏን ሊመረምሩ ነው። እጮኛዋ ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል፤ ሁሉንም ልጅቷ ራሷ ነግራዋለች። ሲጥላት ምን ማድረግ እንዳለበት ነርሷን ሲጠይቅ፣ በጎን ማዞሩን በገዛ ኮቱ ላይ እየተለማመደ ነበር።

ጭልፊቷ በመስታወቱ ወደ ውስጥ አየች። ልጅቷ ጭንቅላቷ ላይ እልፍ ሽቦ ተለጥፎባት ጋድም ብላለች፣ ዓይኗ ግን ክፍት ነው። መሣሪያውን የያዘው ባለሙያ «ይተኙ እንጂ» ሲላት፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ወደ ጥጉ አመለከተችው።

እናትየው ከወንበሩ ላይ፣ አፏን ከፍታ፣ ራሷን ግድግዳው ላይ ጥላ፣ እንደ ድንጋይ ተኝታለች።

«ትንሽ እንቆይ» አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። «መጀመሪያ እሷ እንቅልፍ ትጥገብ።»